ዘግይቶ የተስተካከለ ግብር

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም ቤቴ ድረስ መጥቶ ስለ ባንክ ብድር የሚጠይቀኝ ሰው አልጠፋም። በቀደም የመጣችው የልብስ ሱቅ ያላት ጎረቤቴ ናት። ቤት ልትገዛ ባንክ ሄዳ ብትጠይቅ፣ ለግብር ያሳወቀችው ገቢ ትንሽ ስለሆነ የሚፈቀድላት ብድር የቤቱን ግማሽ እንኳ እንደማይሸፍን ነገሯት። "ያሳወቅኩትን ላስተካክለውና ብድሩን ከፍ ላስደርገው ወይ?" አለችኝ። ከመመለሴ በፊት ሻይ ቀዳሁላት። መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ይህንኑ ጥያቄ ስሰማ ነው። የድሮ አለቃዬ ጋሽ ተሰማ ትዝ አሉኝ፣ አማኑኤል አካባቢ የነበረችው ቤትም ትዝ አለችኝ።

እኔ የብድር ባለሙያ ልሁን ብዬ አልተነሳሁም። መጀመሪያ የተቀጠርኩት በመንግሥት ባንክ፣ በገንዘብ ከፋይነት ነው። መንግሥት ተለውጦ የግል ባንኮች ሲከፈቱ ደመወዛቸው ሻል ይላል ተባለና አመልክቼ አንዱ ጋ ገባሁ። ሳሪስ ሠራሁ፣ ፒያሳ ሠራሁ። መርካቶ ተመድበሻል ሲሉኝ ግን ከፋኝ። ቅርንጫፋችን ሶማሌ ተራ አጠገብ፣ ከሥሩ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ፎቅ ላይ ነበር። ቀኑን ሙሉ ብረት ሲንኳኳ ይውላል፤ የጎማና የዘይት ሽታ ልብሴ ላይ አድሮ ቤቴ ድረስ ይከተለኛል። በኋላ ግን ለመድኩት፣ ጭራሽ ሌላ ቦታ አትላኩኝ ማለት ጀመርኩ።

መርካቶ ያገኘኋቸው የመጀመሪያው አለቃዬ መያዣ እንጂ ሰው አያዩም ነበር። ካርታው ትክክል ከሆነና የቤቱ ግምት ከበቃ ይፈርማሉ። ብድር የሚመልሰው ሰው መሆኑን ያስተማሩኝ ከእሳቸው ቀጥለው የብድር ክፍሉን የያዙት ጋሽ ተሰማ ናቸው። ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ በጋ ክረምት አንድ ግራጫ ሹራብ የማይለያቸው ሰው ነበሩ። ማመልከቻ ሲመጣላቸው ከመክፈታቸው በፊት ይነሱና "ፅጌ፣ ነይ እንሂድ" ይሉኛል። በእግራችን ወደ አመልካቹ ሱቅ እንሄዳለን። ከባንክ እንደመጡ አይናገሩም። ዋጋ ይጠይቃሉ፣ ቦታ ካለ ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ። ሚዛኑ ሥር ያለው ወለል ምን ያህል እንዳለቀ ያያሉ። ተሸካሚው ሒሳቡን ሲቀበል ተጨቃጭቆ ነው ወይስ ተቀብሎ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው፣ እሱን ያያሉ። ጎረቤት ሱቅ ዝርዝር ሲጠፋ ማን ጋ እንደሚሮጥ ያያሉ። ስንመለስ ያየነውን እኔ እንድናገር ያደርጉኛል፤ ያመለጠኝን እሳቸው ይጨምራሉ። ወረቀቱ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ብድር የተከለከለ ሰው መልሱን በደብዳቤ እንዲሰማ አይፈልጉም። ራሳቸው ሄደው፣ ከተቻለ ቤቱ ድረስ፣ ቆመው ይነግሩታል። "የሰው ተስፋ ነው የምንቆርጠው፤ ቢያንስ ፊታችንን ይየው" ይሉኝ ነበር።

ነጋዴ ገቢውን የሚያሳውቅበትን የግብር ማስታወቂያ ማንበብም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በዚያ ጊዜ መርካቶ ውስጥ አብዛኛው ነጋዴ ሁለት ገቢ ነበረው። አንደኛው ለገቢዎች መሥሪያ ቤት የሚያሳውቀው ነው፣ ያንሳል። ሌላው ብድር ሲፈልግ ለእኛ የሚነግረን ነው፣ እሱ ይበዛል። እኛ ደግሞ የምናምነው ግብር የተከፈለበትን ብቻ ነው። ስለዚህ ቤት የመግዛት ሐሳብ ሲመጣ፣ ለዓመታት ዝቅ ሲደረግ የኖረው ገቢ በድንገት ከፍ እንዲል ይፈለጋል። ጋሽ ተሰማ የተስተካከለ ማስታወቂያ ሲቀርብላቸው ዓይናቸው በቅድሚያ የሚሄደው ወደ ቀኑ ነው። ሰውዬው ብድር ከመጠየቁ ብዙ ቀደም ብሎ ያስተካከለ ከሆነ እውነት አለው ብለው ያነባሉ። ብድሩን ከጠየቀ በኋላ ከሆነ ብዕራቸውን ያስቀምጣሉ።

ወደ ታች የሚያስተካክልም ገጥሞናል። ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ የሚያስመጣ አንድ ነጋዴ ጥሩ ገቢ አሳውቆ፣ በዚያ ላይ ተመሥርተን የቤት መግዣ ብድር ፈቀድንለት። ብድሩ ከተፈቀደ በኋላ ግብሩ ከበደውና ገቢዎች ሄዶ ተሳስቼ ነው ብሎ አስቀነሰ። ለእኛ አልነገረንም። ውል ሊፈርም ሲመጣ ያመጣውን፣ ግብሩን መክፈሉን የሚያረጋግጠውን የግብር ክሊራንስ ጋሽ ተሰማ ከፊተኛው ጋር አስተያዩትና ውሉን አቆሙት። ነጋዴው ብዙ ተናገረ። እሳቸው ቆመው ሰሙትና፣ በዚህ ገቢ ብድሩን ብንሰጠው ሁለት ዓመት ሳይሞላው ቤቱን ለሐራጅ እንደምናወጣበት በዝግታ አስረዱት። ከጊዜ በኋላ ሰውዬው አነስ ያለ ቤት በእኛው ብድር ገዛ፤ በመንገድ ሲያገኛቸው ኮፍያውን ያነሳላቸው ነበር። ያንን ሳይ ሥራችን የሚያስተክዝ ነገር ያለበት አይመስለኝም ነበር።

አስካለ የመጣችው ከሚሊኒየሙ በኋላ ነው። እዚያው መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ፣ ዛላ በርበሬ በጅምላ ትሸጣለች። ከጉራጌ አገር በልጅነቷ መጥታ፣ ለሰው ስትለቅም ቆይታ፣ ቀስ በቀስ የራሷን ቦታ የያዘች ሴት ናት። በእኔ ዕድሜ ስለነበረች ቶሎ ተግባባን። ድሮ እየዞሩ ከገበሬው በርበሬ የሚገዙት ባሏ ጋሽ ወልዴ ነበሩ። የዓይን ግፊት በሽታ ይዟቸው ብርሃናቸው እየጠበበ እየጠበበ ሄዶ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ንግዱ በሙሉ በእሷ ትከሻ ላይ ወደቀ።

የሚኖሩት አማኑኤል አካባቢ፣ የግል ቤት ተከራይተው ነው። ልጆቻቸውን ያሳደጉትና የዳሩት እዚያ ነው። የቤቱ ባለቤት የነበሩት አሮጊት ሲሞቱ ወራሾቹ ቤቱን ለመሸጥ ወሰኑ። ደግ ልጆች ነበሩ። እናታችን ብትኖር ለእናንተ ነበር የምትሰጠው ብለው፣ ለሌላ ሰው ከማሳየታቸው በፊት እስከ ክረምቱ መግቢያ ጊዜ ሰጧቸው። አስካለ ካጠራቀመችውና ከዕቁቧ የዋጋውን የተወሰነ ክፍል አላት። የቀረውን ከባንክ ፈለገች።

እንደተለመደው መጀመሪያ በርበሬ በረንዳ ሄድን። እያስነጠስን ተቀመጥን። የአስካለ ሚዛን ሥር ያለው ሲሚንቶ ጎድጉዷል። ተሸካሚዎቹ ለእሷ ዕቃ ይሻማሉ። ቀጥለን ቤቱን ለማየት አማኑኤል ወረድን። በሩን የከፈቱልን ጋሽ ወልዴ ናቸው። ዱላ አልያዙም። ግቢውን በፍጥነት አቋርጠው መጡና እኛን እየመሩ ገቡ። "እዚህ ጋ ድንጋይ አለ፣ እንዳያደናቅፍሽ" አሉኝ። ጓዳውን፣ የውሃውን ቧንቧ፣ ግድግዳው የተሰነጠቀበትን ቦታ ሳይቀር በእጃቸው እያመለከቱ አሳዩን። ሻይ ራሳቸው አፍልተው፣ ስኳሩን ካለበት አንስተው አቀረቡልን። ዓይናቸው የጠፋው እዚያ ቤት ውስጥ ስለሆነ፣ ብርሃኑ እየራቀ ሲሄድ እያንዳንዱን ጥግ በእጃቸው አጥንተው ነበር። ስንወጣ ጋሽ ተሰማ በሩን ዞር ብለው አይተው "ይህ ሰው ሌላ ቤት ቢገባ እንደገና ይታወራል" አሉኝ።

ወረቀቱ ሲከፈት ግን የአስካለ የሦስት ዓመት ማስታወቂያ አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። በረንዳው ላይ ያሉትን የብዙዎቹን ሒሳብ የሚሠራ አንድ ሰው ነበር፤ ለሁሉም ተመሳሳይ ዝቅተኛ ገቢ ነበር የሚያሳውቅላቸው። አስካለ አላወቅኩም ብላ አልዋሸችም። ሁሉም የሚያደርገውን ነው ያደረግኩት አለች። በቅርቡ ካሽ ሬጅስተር አስገብታ ስለነበር ግን የዘንድሮ ሽያጯ ካሳወቀችው ብዙ ርቆ ሄዷል። ጋሽ ተሰማ በዚህ ወረቀት ብድሩ እንደማይሆን ሲነግሯት ወረቀት አሳምሮ የሚሠራላት ሰው እንዳለ ፈራ ተባ እያለች ነገረቻቸው።

"እሱን ካደረጉ እኔ ራሴ ነኝ የማስቆመው" አሏት። "ቀጥተኛው መንገድ አንድ ነው። ገቢዎች ይሂዱ፣ እውነተኛውን ያሳውቁ፣ ልዩነቱን ይክፈሉ። ግን ቀኑ እንደማያግዝዎት ልደብቅዎት አልችልም።"

"ቀኑ ምን ያደርጋል ጋሼ? እውነት ከሆነ አይበቃም?"

"መብቃት ነበረበት። እኔ እሞግትልዎታለሁ።"

አስካለ ሄዳ አስተካከለች። የገቢዎች ሠራተኛው ለማስቀነስ እንጂ ለማስጨመር የመጣ ሰው ስላላየ ግራ ገብቶት ነበር አለችኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። ነገር ግን የሦስት ዓመት ገቢ ባንድ ጊዜ ከፍ ሲል ወደ ኦዲት መላክ ግዴታው ስለሆነ ላከው። ኦዲቱ እስኪያልቅ ክሊራንስ የለም። ልዩነቱን ስትከፍል ደግሞ ለቤቱ ካጠራቀመችው ላይ ነው የወጣው፤ ስለዚህ ከባንክ የምትፈልገው ብድር ከፍ አለ። ይህንን ነገር ብዙ ሰው አያስበውም። ግብር ማስተካከል ገቢን በወረቀት ላይ ያሳድጋል፣ በእጅ ያለውን ግን ይቀንሳል፤ ውሳኔ እስኪመጣ ድረስ ደግሞ የባንኩንም እጅ ያስራል።

ፋይሉ ዋናው መሥሪያ ቤት ወደሚገኘው የብድር ኮሚቴ ሄደ። ጋሽ ተሰማ በአካል ቀርበው አስረዱ፤ እኔም አብሬያቸው ነበርኩ። የሚዛኑን ሲሚንቶ ሳይቀር አወሩላቸው። ኮሚቴው አልሳቀባቸውም፣ በአክብሮት ነው የሰማቸው። ሰብሳቢው ያሉትም ትክክል ነበር። ማስተካከያው ብድሩ ከተጠየቀ በኋላ የመጣ ነው፤ ኦዲቱ ተጨማሪ ግብርና ቅጣት ቢጥልባት የመንግሥት ዕዳ ከባንኩ ብድር ይቀድማል። የመጨረሻው ውሳኔ ይምጣና እናያለን አሉ። ጋሽ ተሰማ ወረቀታቸውን ሰብስበው ወጡ። ደረጃው ላይ ቆም ብለው "እኔም ብሆን ይህንኑ ነበር የምወስነው፤ ቤቱን ባላይ ኖሮ" አሉኝ።

አስካለ ገቢዎች ስትመላለስ ከረመች። ኦዲተሩ ታመመ፣ ፋይሉ ወደ ሌላ ተዛወረ፣ ሌላው እንደ አዲስ ጀመረ። ወራሾቹ ጊዜ ጨመሩላቸው። ዝናቡ ጠንክሮ መጣል ሲጀምር ግን ሙሉውን በጥሬ ገንዘብ የሚከፍል ሰው መጣ። ከወራሾቹ አንዱ እናቱን ሲያስታምም ብዙ ዕዳ ገብቶ ስለነበር ከዚህ በላይ መጠበቅ አልቻሉም።

ጋሽ ተሰማ የገቢዎች ውሳኔ ሳይመጣ ባንኩ እንደማያበድራቸው ሊነግሯቸው እኔን ይዘው አማኑኤል ሄዱ። ጋሽ ወልዴ እንደዚያኛው ጊዜ በሩን ከፈቱልን፤ ድምፃችንን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ጋሽ ተሰማ አልቀመጥም ብለው ቆመው ተናገሩ። አስካለ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ጋሽ ወልዴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

"የገዛው ሰው ያፈርሰዋል?"

"አላውቅም" አሉ ጋሽ ተሰማ።

ያውቁ ነበር። ገዢው ፎቅ ሊሠራ እንደሆነ ወራሾቹ ነግረዋቸዋል። ሲዋሹ የሰማኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

እነ አስካለ አስኮ አካባቢ ቤት ተከራይተው ገቡ። የገቢዎች ውሳኔ የመጣው መስከረም ካለፈ በኋላ ነው። ያስተካከለችው ገቢ ትክክል ነው ተብሎ እንዳለ ጸደቀላት፤ ቅጣቱም ራሷ ቀድማ በመምጣቷ ተነሳላት። አስካለ ወረቀቱን ባንክ ድረስ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችላቸው። ልትወቅሳቸው አልነበረም። የደከሙበት ነገር ስለሆነ መጨረሻውን ይዩት ብላ ነው። ጋሽ ተሰማ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። አሁን ብድሩ እንደሚፈቀድላት፣ ሌላ ቤት እንድትፈልግ ነገሯት። እሷም "እግዜር ያንኛውን ነስቶን እኮ ነው ጋሼ፤ ሌላ ቤት ምን ያደርግልናል" አለችና ተነስታ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ተሰማ ተለወጡ። ሥራቸውን አላጓደሉም፤ ሱቅ ማየታቸውንም አልተዉም። ምክር መስጠት ግን አቆሙ። ሰው "ምን ላድርግ?" ሲላቸው ደንቡን ያነቡለትና ያበቃሉ። እኔ አንድ ቀን ምነው ብላቸው፣ "መንገድ ሳሳይ ከፊት ያለውን ገደል ማየት ነበረብኝ" አሉኝ። ነግረዋት ነበር እኮ አልኳቸው። "ነግሬያታለሁ" አሉ፣ "ግን ድምፄ ውስጥ ተስፋ ነበር። ሰው የሚሰማው እሱን ነው።" ጡረታ ጊዜያቸው ሲደርስ እንዲያራዝሙ ቢለመኑ አልፈቀዱም። ወንበራቸውን እኔ ተረከብኩ።

እኔ መምከሩን አልተውኩም፤ ቀድሜ መምከር ግን ተማርኩ። ገና ሱቅ የሚከፍተውን ሁሉ፣ ቤት ሳያምርህ በፊት ያለህን አሳውቅ፣ የሚስተካከል ካለም አሁኑኑ አስተካክል፣ ብድር በጠየቅህ ማግስት አይሁን እለው ነበር። የሚሰማኝ ጥቂቱ ነው። ለጎረቤቴም ያልኳት ይህንኑ ነው፤ አስተካክዪ፣ ግን ውሳኔው እስኪመጣ ለማንም ቤት ቀብድ እንዳትከፍዪ። ፊቷ ጠቆረ፤ ያማራት ቤት እስከዚያ እንደማይቆይላት ገብቷታል።

ጋሽ ተሰማ ጡረታ ከወጡ በኋላ እሁድ እሁድ የት እንደሚሄዱ ያወቅኩት ከአስካለ ነው። በርበሬ ልገዛ ሄጄ ስለ ባሏ ስጠይቃት ነገረችኝ። ጋሽ ወልዴ አዲሱ ቤት እንደገቡ ራሳቸውን ችለው ሊወጡ ሲሉ ግድግዳ መትቷቸው ግንባራቸው ተሰነጠቀ። ከዚያ በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው መዋል ጀመሩ። ጋሽ ተሰማ እንደሰሙ መጡ። በየእሁዱ በታክሲ አስኮ ድረስ እየሄዱ፣ እጃቸውን ይዘው ቤቱን ያዞሯቸዋል። ይኸው በሩ፣ ይኸው መስኮቱ፣ እዚህ ጋ ወለሉ ዝቅ ይላል እያሉ።

"ለመዱት?" አልኳት።

"እኔ ላሳየው ስለው እምቢ ይላል" አለች አስካለ፤ "ጋሽ ተሰማ ሲመጡ ግን ይነሳል። ለራሱ ብሎ አይመስለኝም። ለእሳቸው ብሎ ነው።"

ጋሽ ተሰማ የሞቱት ድንገት ነው። ለቅሷቸው ላይ ድንኳኑ ከባንክ ሰውና ከመርካቶ ነጋዴ ሞልቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ወልዴ በአስካለ ትከሻ ላይ እጃቸውን አድርገው ገቡ። ቦታ ሲለቀቅላቸው አልተቀመጡም። ድምፄን ለይተው "ፅጌ ነሽ? ቤታቸውን አሳዪኝ" አሉኝ። እጃቸውን ይዤ ከድንኳኑ ወደ ውስጥ አስገባኋቸው፤ ለቀስተኛው ዞር ዞር እያለ አሳለፈን። ጠባብ ቤት ናት፣ አንድ ክፍልና ጓዳ። ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳበሱ ዞሩ። የጭቃው ምርጊት አንድ ቦታ ላይ ተልጦ ነበር፤ እዚያ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

"የራሳቸው ነው?"

"የቀበሌ ነው ጋሼ" አልኩ። የሠራተኛ የቤት ብድር ስንት ጊዜ ተራቸው ሲደርስ "ቆይ፣ ልጆች ያላቸው ይቅደሙ" እያሉ እንዳሳለፉት ነገርኳቸው። እኔም ቢሆን ቤታቸውን ያየሁት ያን ቀን ነበር።

"አልነገሩኝም" አሉ ጋሽ ወልዴ። "ይህን ሁሉ እሁድ ስንዞር አልነገሩኝም።"

የሚቀመጡበትን ጠየቁኝ። መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ላይ እጃቸውን አኖርኩላቸው። ወንበሩ ላይ ግን አልተቀመጡም። አጠገቡ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብለው፣ አንድ እጃቸውን ከወንበሩ ሳያነሱ፣ ለቀስተኛው ተበትኖ አስካለ መጥታ እስክታስነሳቸው ድረስ ቆዩ።